ከመስመሩ ሁለት ጣት ወደፊት

ዮአብ የሞተው ቅዳሜ ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወዳጆቹ ቆመው እያዩት ነው። ከኮሎምበስ ከተማ በስተሰሜን ካለችው የስኪ፣ የበረዶ ላይ መንሸራተቻ፣ ኮረብታ አናት ተነሥቶ እየተምዘገዘገ ወረደ። ሰፊውን መታጠፊያ ሲጀምር የግራ እግሩ ስኪ፣ እንደ ሳንቃ ያለው ረጅሙ መንሸራተቻ፣ ከጫማው ተላቀቀ። በአንድ እግሩ ጥቂት ተንሸራተተና ከመንገዱ ዳር ካሉት ዛፎች ከአንዱ ጋር ተላተመ። የራስ ቁር አድርጎ ነበር፤ አላዳነውም።

ሸሪፉ «አደጋ» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። የእኛ ሰው ግን ፋይል በቀላሉ አይዘጋም። በለቅሶ ቤቱ ገና ድንኳን እንኳ ሳይጣል ፍርዱ ተጠናቆ ነበር፦ ስኪውን የገጠመው ኑረዲን ነው፣ ስኪው ተነቀለ፣ እንግዲህ ሌላ ምን ቀረ? የባሰው ነገር ደግሞ ኑረዲን ራሱ ፍርዱን መቀበሉ ነው። በሟቹ እናት እግር ሥር ወድቆ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢስተን የገበያ ማዕከል አጠገብ ወደሚሠራበት የስፖርት ዕቃ መደብር አልተመለሰም፤ ብሎን መፍቻም አልጨበጠም።

የዮአብ እናት እትዬ ሐምራዊት ስልክ የደወሉት ለሳቢራ ነው። ሳቢራ በአዲስ አበባ ፖሊስ ብዙ ዘመን የወንጀል መርማሪ ነበረች። አሁን መሃል ከተማ፣ ዳውንታውን ባለ የጠበቆች ቢሮ የመኪና አደጋ ታጣራለች። አጭርና ደንደን ያለች የወሎ ሴት ናት፤ አንድ ጉድ አለባት፦ ውሸት ስትሰማ ይርባታል። የቢሮ ጓደኞቿ ይህን ስለሚያውቁ ከምስክር ጋር ተቀምጣ ሳንድዊች ካዘዘች ጉዳዩ አለቀ ይላሉ።

«ኑረዲንን አዲስ አበባ ጎረቤት ሳለን ከዮአብ እኩል አጉርሼ ነው ያሳደግኩት» አሏት እትዬ ሐምራዊት፤ ዌስተርቪል ባለው ቤታቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። «አንዱን ልጄን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን ደግሞ ልጥላው ወይስ አልጥላው? ፊቱን ማየት አቃተኝ። ይህችን ብቻ አጣርተሽ ንገሪኝ።»

«እትዬ፣ የማመጣልዎ እውነቱን ነው። የሚወዱት ላይሆን ይችላል።»

«የምወደው አልቋል፣ ልጄ። እውነቱን አምጪ።»

ሸሪፉ ስኪውንና ጫማውን ለእናትየው መልሶላቸው ነበር። ሳቢራ ሁለቱንም መኪናዋ ላይ ጫነችና እዚያው ዌስተርቪል ወደሚገኘው ወደ ኑረዲን ቤት ነዳች። ጋራዡ የስኪ መጠገኛ ነው። ኑረዲን ስኪውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እትዬ ሳቢራ፣ በአላህ፣ እሱን አያሳዩኝ።»

«አንተ ካላየኸው ማን ሊያስረዳኝ ነው? እኔ ተራራ የምወጣው በእግሬ፣ የምወርደውም በእግሬ ነው። እስቲ ይህ ምንድነው?»

ሥራ የለመደ እጅ ስለሆነ፣ ሳይወድ በግድ ቀረበ። «ባይንዲንግ ይባላል። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚቆልፈው ነው። ፊት ለፊት ያለው ጣቱን፣ ከኋላ ያለው ተረከዙን ይይዛል። ሥራው መያዝና መልቀቅ ነው። ሲወድቁ ካልለቀቀ እግርዎን ይሰብራል። ሳይወድቁ ከለቀቀ ደግሞ…»

«መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው ምንድነው?»

«ይህ ቁጥር። በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በመንሸራተት ችሎታ ይመረጣል። ዮአብ ትልቁን የውድድር ባይንዲንግ ፈልጎ ነበር፤ ‹ይቅርብህ፣ ያንተ ቁጥር መሃሉ ላይ የሚውልበትን እንምረጥ› ብዬ ይህን አስመረጥኩት።»

«ቁጥሩ አሁን ልክ ነው?»

ጎንበስ ብሎ አየ። «የሁለቱም ስኪ የፊትና የኋላ፣ አራቱም ልክ ናቸው።»

«ታዲያ ምኑን ገደልከው?»

«ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የተረከዙ መያዣ ወደኋላና ወደፊት የሚሄደው ለጫማው ርዝመት ነው። ጫማውን ገፋ አድርጎ መያዝ አለበት። ከራቀ ቁጥሩ ምንም ቢሆን ጫማው ይላቀቃል። የገጠምኩት ሐሙስ ዕለት ነው፤ እዚህ ብዙ ጫማ ነበር። ምናልባት የዮአብን መስሎኝ የሌላ ሰው አንሥቼ ለክቼ ይሆናል። ሌት ተቀን የማስበው ይህንን ነው።»

«የማን የማን ጫማ ነበር?»

«የዮአብ፣ የእጮኛው የሔርሞን፣ የጓደኛችን የሰምሀል፣ የእኔም አለ። አስተማሪያችን ሊዮን የራሱን ጫማ ማንንም አያስነካም፤ ከቫኑ አይወርድም።»

ሳቢራ የዮአብን ጫማ ስኪው ላይ አስገብታ በክብደቷ ተጫነችው። ቀጭ አለ። ያዝ አድርጋ ስትወዘውዘው ግን ተረከዙ ሥር ተነቃነቀ። ሌላውን ስኪ ሞከረች፤ እሱም እንዲሁ፣ ያንኑ ያህል። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አወረደችና የተረከዙን መያዣ የሚያንቀሳቅሰውን ብሎን ተመለከተች። የብሎኑ ራስ ተፋፍቋል፣ ጠርዙ ተልጧል።

«ይህንን በምን ፈታኸው? በማንኪያ?»

ኑረዲን ብዙ አየው። «ይህ የእኔ እጅ አይደለም» አለ። ወዲያው ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። «እንጃ። እጄን ማመን ትቻለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ልመንልህ። ሐሙስ ዕለት እዚህ ምን ተባለ?»

እንዲህ ነበር የሆነው። አምስቱም ጓደኛሞች ከሥራ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ተሰብስበዋል። እያንዳንዱ ስኪ ላይ ፋብሪካው ያሰመረው መስመር አለ፤ የጫማው መሃል እዚያ ላይ እንዲያርፍ ነው። ዮአብ ግን «ከመስመሩ ሁለት ጣት ወደፊት ግጠምልኝ» አለ። ወደፊት የተገጠመ ስኪ ቶሎ ይታጠፋል፣ ወደኋላ የተገጠመ በፍጥነት ላይ ይረጋል። ሊዮን፣ ሁሉንም ስኪ ያስተማራቸው ሰው፣ «መስመሩ ላይ ይሁን፤ ፋብሪካው ካንተ ይበልጥ ያውቃል» አለው። ዮአብም ሳቀና «ቲቸር፣ ያንተ ትምህርት ጊዜው አልፎበታል» አለው። ሁሉም ሳቁ።

«ሊዮንስ?»

«አብዝቶ የሳቀው እሱ ነው» አለ ኑረዲን። «አርብ ጠዋት መጥቶ ስኪውን ጫነ። የሁላችንም ዕቃ በሱ ቫን ነው የሚሄደው። ዮአብ አንድም ቀን አልሄደበትም ነበር። የመጀመሪያው ያ ቅዳሜ ነው።»

ሰምሀል ኢስተን የልብስ መደብር ውስጥ ነው የምትሠራው። ከሔርሞን በፊት የዮአብ ፍቅረኛ ነበረች። ሳቢራን በእረፍት ሰዓቷ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻት፤ ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ቀንቻለሁ፣ እትዬ፤ ምን እደብቃለሁ? ሔርሞን ቀለበቷን ስታሳየኝ ጥርሴን ነክሼ ‹እንኳን ደስ ያለሽ› አልኳት። ቤት ገብቼ ሳህን ሰበርኩ። ደግሞ የራሴን ሳህን፤ ጅል አይደለሁ?»

«ስኪውን ነክተሽዋል?»

«ሐሙስ ዕለት ሰው ሳያየኝ በካልቾ ብዬዋለሁ።»

«ባይንዲንጉንስ?»

«ባይንዲንግ ከየት እንደሚፈታ ባውቅ የኔንስ ኑረዲን ጋ ምን አንከራተተኝ?»

የሳቢራ ሆድ ጸጥ ብሏል። «ከአንቺ ሌላ የሚቀና ነበር?»

ሰምሀል ፊቷን ጨፈገገች። «ሔርሞንን ወደኛ ግሩፕ ያመጣት ማን ሆነና? ሊዮን ነው። ዊንተሩን ሙሉ እጇን ይዞ አስተማራት። ‹ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ› ሲል ዮአብ ቀደመው። የሚገርመው ዮአብንም ያስተማረው እሱ ነው። ሰውየው ያስተማረው ሁሉ አለፈው።»

ሔርሞን ነርስ ናት። ዳውንታውን ከሆስፒታሉ ማዶ ባለው የፓርኪንግ ሕንጻ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ነው የተነጋገሩት። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነው።

«ቅዳሜ ጠዋት ያየሽውን ትንሹን ሁሉ ንገሪኝ።»

«ምንም አላየሁም። ስኪው ከቫኑ ወረደ፤ ዮአብ ከረጢቱን ከፈተ። ‹ኑሬ አጥቦ ነው እንዴ የሰጠኝ?› ብሎ ሳቀ።»

«ለምን?»

«ከረጢቱ ውስጡ ርሶ ነበር። በጓንቱ ጠራረገውና ቁጥሩን አየ። ሁልጊዜ ቁጥሩን ያያል፤ ሌላውን አይነካም፣ ኑረዲንን ያምነዋል። ከዚያ ረገጠው፤ ቀጭ አለ። ከሊዮን ጋር ወደ ኮረብታው አናት በሚያወጣው የገመድ ወንበር፣ በሊፍቱ ወጡ። እኔ ታች ቀርቼ ቪዲዮ እቀርጽ ነበር።»

«ሊዮን ይወድሽ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

ሔርሞን መሪውን ይዛ ቆየች። «ሴት ልጅ ይህ ይጠፋታል? ግን አልነገረኝም። ያልተነገረኝን ምን ብዬ ልመልስ?»

ሊዮን የመጋዘን ሱፐርቫይዘር ነው፤ ቁመናው ያማረ፣ ንግግሩ የታረመ። መጋዘኑ ፓርኪንግ ውስጥ የቫኑን በር ከፍቶ አስገባት፤ ወንበሩንም በእጁ ጠረገላት።

«እትዬ ሳቢራ፣ ኑረዲንን እባክዎ አይንኩብኝ። ሆን ብሎ አይደለም። ደክሞት ነበር። ማንም ይሳሳታል።»

መከላከሉ ነው፤ ግን እንዲህ የሚከላከልልህ ሰው ካለህ ከሳሽ አያስፈልግህም።

«አንተ ስኪውን አይተኸው ነበር?»

«በከረጢቱ ጫንኩ፣ በከረጢቱ አወረድኩ። ከፍቼም አላየሁት።»

የሳቢራ ሆድ ጮኸ። «የሚቀመስ ነገር አለህ?» አለች። ሊዮን ከዳሽቦርዱ ብስኩት አውጥቶ ሰጣት። ቆረጠም አድርጋ «እኔ የማይገባኝ» አለች፣ «ያ ሁለት ጣት ወደፊት የሚሉት ነገር ነው። እሱ ይሆን የገደለው?»

«አይ፣ እሱስ አይደለም።» ሊዮን ፊቱ በራ፤ አስተማሪነቱ መጣበት። «እውነቱን ለመናገር ዮአብ ልክ ነበር። ገና ሳያስቡት ነው የሚታጠፈው። ጅራቱ ብቻ በረዶው የጠነከረበት ቦታ ላይ ሸርተት ይላል። ጉልበትዎን ትንሽ ዝቅ ካደረጉ ግን እሱንም ይተዋል።»

«ጎበዝ አስተማሪ ነህ» አለች ሳቢራ። ሁለተኛውን ብስኩትም በላች።

እሑድ ከሰዓት አራቱንም እትዬ ሐምራዊት ቤት ጠራቻቸው። «የስኪ ጫማችሁን ይዛችሁ ኑ» ብላ ነበርና ሰምሀል ለቅሶ ቤት ይህን ይዛ መግባት አፍራ በኩርቱ ፌስታል ጠቅልላዋለች። ኑረዲን በሩ አጠገብ ቆመ፤ እናትየው ቀና ብለው አላዩትም። የዮአብ ስኪዎች ምንጣፉ ላይ ተጋድመዋል።

«አላስረዝምባችሁም» አለች ሳቢራ። «ዮአብ የሞተው ሁለቱም ተረከዝ መያዣዎች ወደኋላ ስለራቁ ነው። ቁጥሩ ልክ ስለነበር ሲያየው ምንም አልጠረጠረም። መጀመሪያ ያሰብኩት ተንኮል ነው። ተንኮለኛ ግን አንዱን ካላላ ይበቃዋል፤ ሁለቱን እኩል ለማድረግ ምን አደከመው? ሁለቱን እኩል ያደረገ ሰው ስኪውን ለመስበር ሳይሆን ለመሄድ ነው የፈለገው። ለአንድ ጫማ ነው የለካው።»

«እኔ ነኛ» አለ ኑረዲን በሩ ላይ ሆኖ። «አልኩዎ እኮ። የሌላ ሰው ጫማ…»

«ጫማህን አምጣ።»

ጫማውን በስኪው ላይ አጋደመችው። ከተረከዙ መያዣ ጋር አልተገናኘም፤ በጣም ያንሳል። የሔርሞንም የሰምሀልም ከዚያ የባሰ ያንሳሉ። «ሐሙስ ዕለት ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ጫማዎች ሁሉ ከዮአብ ጫማ ያጠሩ ናቸው። ኑረዲን ከነሱ አንዱን አንሥቶ ተሳስቶ ቢሆን መያዣው ወደፊት ይመጣ ነበር፤ የዮአብ ጫማም ጭራሽ አይገባም ነበር። ወደኋላ የሄደው ግን ከዮአብ ለሚረዝም ጫማ ነው። እንዲህ ያለ ጫማ ደግሞ እዚያ አልነበረም። ብሎኑንም እዩት፤ በኪስ ሰንጢ ተፋፍቋል። ዕድሜውን ሙሉ ብሎን ሲፈታ የኖረ ሰው ብሎን አይልጥም።»

ኑረዲን እጆቹን አየ።

«ከዚያ ደግሞ ከረጢቱ ርሷል» ቀጠለች ሳቢራ። «ሐሙስ የተገጠመ፣ ማንም ያልሄደበት አዲስ ስኪ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ከየት አመጣ? በረዶ ላይ ውሎ ነበር፤ በረዶው ከረጢቱ ውስጥ ቀለጠ። አርብ ዕለት ማን ጋ ነበር? ሊዮን፣ ከፍቼም አላየሁት አልከኝ። መልሰህ ደግሞ ይህ ስኪ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጅራቱ የቱ ጋ ሸርተት እንደሚል፣ ያም በምን እንደሚስተካከል አስተማርከኝ። ዮአብ ራሱ ይህን ለማንም ለመናገር አልደረሰም። የመጀመሪያውን ቁልቁለት እንኳ አልጨረሰም። የረገጠው አንድ ሌላ ሰው ብቻ ነው።»

ሊዮን ጫማውን ከሥሩ አላነሣም። ኑረዲን ነው መጥቶ ያነሣለት። ተንበረከከ፣ ጫማውን ስኪው ላይ አስገባና ተጫነው። ቀጭ። ወዘወዘው፤ አልተነቃነቀም። በሁለተኛውም ላይ ደገመው።

«ልክ ነው» አለ ኑረዲን ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ እንደሚናገር አድርጎ።

«ላየው ብቻ ነበር» አለ ሊዮን። «እውነት የሚሻል እንደሆነ ላየው። በሁሉ ነገር ሲበልጠኝ በዚህስ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። አርብ ከሰዓት ብቻዬን ሄድኩ፤ ሰንጢ ነው የነበረኝ። አልተሳሳተም። ስመልሰው የሁለቱም ብሎን ተላጠ፣ አልዞር አለኝ።»

«ለምን አላመጣህልኝም?» አለ ኑረዲን፤ ገና እንደተንበረከከ ነው። «ጥቂት ደቂቃ ነበር።»

«ምን ልበልህ? አስተማሪው የተማሪውን ስኪ ተደብቆ ሞከረ ልበልህ?»

«አዎ። እንደሱ ብትለኝ ስቄብህ እሠራልህ ነበር።»

ሳቢራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቅዳሜ ሊፍቱ ላይ አጠገቡ ተቀምጠሃል። መያዣው የላላ እንደሆነ ታውቅ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።»

«ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ታች ስመለከት ሔርሞን እጇን እያወዛወዘችለት ነው።» ሊዮን ወደ ማንም አላየም። «አንዴ ይውደቅ አልኩ። በፊቷ አንድ ጊዜ ይውደቅ። ስኪ ላይ ሁሉም ይወድቃል፤ ተነሥቶ በረዶውን ያራግፋል። ሌላ አላሰብኩም። ሞት አላሰብኩም።»

«መጀመሪያ የደረስክለት አንተ ነህ» አለች ሔርሞን በቀስታ። «እኔን ያቀፍከኝ አንተ ነህ። በትከሻህ ላይ ነው ያለቀስኩት። ሳምንቱን ሙሉ ኑረዲንን ስንረግመው አብረኸን ተቀምጠሃል።» ተነሥታ ከእሱ ራቅ ብላ ሰምሀል አጠገብ ተቀመጠች፤ ሰምሀልም ቦታ ለቀቀችላት።

ሳቢራ ስልኳን አወጣች። ሕጉ ይህን ምን እንደሚለው የሸሪፉ ሥራ ነው፤ የእሷ ማሳወቅ ነው። እትዬ ሐምራዊት ግን እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ሳቢራ።» ወደ ሊዮን ዞሩ። «ሊፍቱ ላይ ዝም ብላችሁ አልወጣችሁም። ዮአብ ዝም አይልም። ምን አለህ?»

ሊዮን ራሱን ነቀነቀ።

«ልጄ ምን አለህ?»

«‹ቲቸር› አለኝ። ‹ዓይንህ ስኪዬ ላይ ነው፤ አውቄብሃለሁ። ከምሳ በኋላ አንተ ሂድበት፣ ኑሬ ለጫማህ ያስተካክልልሃል። ከወደድከው ላንተም እንደዚሁ እናስገጥምልሃለን፣ ለልደትህ› አለኝ።»

ኑረዲን ማልቀስ ጀመረ። እትዬ ሐምራዊት ሶፋውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ኑረዲን፣ ልጄ፣ ና እዚህ እኔ አጠገብ ቁጭ በል።»

መጥቶ ተቀመጠ። ራሱን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው አስጠጉት። ከዚያ እንደገና ሊዮንን አዩት፤ የተቆጣ ፊት አልነበራቸውም፤ የሚፈልጉት ነገር ያለ ሰው ፊት ነበር።

«ሌላስ ምን አለ?» አሉት። «ሊፍቱ ላይ ከተቀመጣችሁበት ጀምረህ ንገረኝ። አንዲት ቃል እንዳትረሳ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን የሰማው አንተ ብቻ ነህ።»